ሦስት ገጽ ከካምብሪጅ፦ የኮለርና የሚልስታይን ጽሑፍ ዳግም ሲነበብ

«ኔቸር» የተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት ኦገስት 7 ቀን 1975 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ከገጽ 495 እስከ 497 ያተመው አንድ አጭር ጽሑፍ አለ። ጸሐፊዎቹ ሁለት ናቸው፤ ዦርዥ ኮለር እና ሴሳር ሚልስታይን። ሁለቱም ያን ጊዜ ይሠሩ የነበሩት ካምብሪጅ በሚገኘው የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የሞለኪውላር ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ነው። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ሲጠቀለል፣ ዒላማው አስቀድሞ የታወቀ አንቲቦዲ ሳያቋርጥ የሚያመነጭ፣ የማይሞት የሕዋስ ዘር መፍጠር ተችሏል የሚል ነው።

ዛሬ ለጡት ካንሰር፣ ለሊምፎማ፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት፣ ለአንጀት ቁስለት የሚሰጡት በቤተ ሙከራ የተሠሩ አንቲቦዲዎች ዘራቸው ሲቆጠር እዚህ ጽሑፍ ላይ ይደርሳል። የእርግዝና መመርመሪያዋ ስትሪፕም፣ በጤና ኬላ ወባን በሩብ ሰዓት ገደማ የሚለየው አር.ዲ.ቲም እንዲሁ። ስለ ጽሑፉ የሚያወራው ብዙ ነው፤ ገልጦ የሚያነበው ግን ጥቂት። እኔ ደጋግሜ ሳነበው የታየኝ፣ ታላቅነቱም ጉድለቱም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸው ነው። አንድን ዒላማ ነጥሎ መያዝ እንደሚቻል አሳየ፤ የትኛው ዒላማ ቢያዝ ይበጃል የሚለውን ግን አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ያለው የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ፣ ድሉም ውድቀቱም፣ በአመዛኙ የዚህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ጽሑፉ ምን እንደፈታ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ማየት ያሻል። አንቲቦዲ፣ ፀረ እንግዳ አካል የምንለው፣ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት በደም ውስጥ የሚለቀው ፕሮቲን ነው። የሚሠሩት ቢ ሕዋስ የሚባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት ሲሆኑ፣ አንድ ቢ ሕዋስ የሚሠራው አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ነው። ኤሚል ፎን ቤሪንግ እና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በ1890 በርሊን ላይ፣ ለመንጋጋ ቆልፍ መርዝ እንዲለማመድ ከተደረገ እንስሳ የተወሰደ ሴረም ሌላውን እንስሳ ከመርዙ እንደሚያድን አሳዩ። ከዚያ በኋላ ፈረስ እየተከተበ፣ ደሙ እየተቀዳ፣ ሴረሙ ለሰው ይሰጥ ጀመር። ለእባብ መርዝ ዛሬም የሚሰጠው መድኃኒት በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው። የፈረስ ሴረም ግን የደቦ ሥራ ነው፤ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ሕዋሳት ያወጡት አንቲቦዲ ተቀላቅሎ ስለሚመጣ አንዱ ይበረታል፣ ሌላው ይለግማል፣ ማን ምን እንደሠራ አይለይም። ከአንዱ ፈረስ የተቀዳው ከሌላው አይመሳሰልም። ፈረሱ ሲሞት ደግሞ ያ ሴረም ዳግም አይገኝም።

ከዚያኛው ዳር ሌላ ነገር ነበር። ማይሎማ የሚባለው ካንሰር የሚነሣው አንቲቦዲ ከሚያመርቱት ሕዋሳት ስለሆነ፣ አንዲት ያበደች ሕዋስ ያለ ማቋረጥ እየተባዛች አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ትረጫለች። አሜሪካዊው ማይክል ፖተር ባልብ/ሲ በሚባሉት አይጦች ሆድ ውስጥ የማዕድን ዘይት በመውጋት ይህን ካንሰር ሆን ብሎ ማስነሣት ችሎ ነበር። የእርሱ የማይሎማ ሕዋሳት ወደ ብዙ አገር ቤተ ሙከራዎች ተሰራጭተዋል። ችግሩ የሚያወጡት አንቲቦዲ በምን ላይ እንደሚሠራ አለመታወቁ ነው። እንግዲህ በአንድ በኩል ዒላማ ያለው ግን ዕድሜ የሌለው የአይጥ ጣፊያ ሕዋስ፣ በሌላ በኩል ዕድሜ ያለው ግን ዒላማ የሌለው የካንሰር ሕዋስ አለ። የኮለርና የሚልስታይን ጽሑፍ እነዚህን ሁለቱን አጋባቸው።

ለመድኃኒት ብለው የጀመሩት አልነበረም። ሚልስታይንን ለዓመታት የያዘው ጥያቄ ሰውነት ይህን ሁሉ የአንቲቦዲ ዓይነት ከየት ያመጣዋል የሚል ነበር። የአንቲቦዲ ጂን እየተለወጠ ሲሄድ ለመከታተል ዒላማው የታወቀ፣ በብልቃጥ የሚያድግ ሕዋስ ያስፈልገዋል። በ1973 ከሪቻርድ ኮተን ጋር ሁለት ማይሎማዎችን አዋሕዶ ስለነበር ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። ኮለር ባዝል ላይ ዶክትሬቱን ጨርሶ በ1974 ወደ እርሱ ሲመጣ 28 ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ ጽሑፉ ሆድ እንግባ። አይጧ የበግ ቀይ የደም ሕዋስ ተወጋች፤ ሰውነቷ ፀረ በግ ደም አንቲቦዲ መሥራት ጀመረ። ጣፊያዋ ወጣ፤ ሕዋሳቱ ከማይሎማ ሕዋሳት ጋር ተደባለቁ። ገዳይነቱ የጠፋለት ሴንዳይ የሚባል ቫይረስ ሲጨመርበት የሕዋሳቱ ሽፋን እየተጣበቀ፣ አንዳንዱ ከአንዳንዱ ተዋሐደ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። በድብልቁ ውስጥ ያልተዋሐደ ጣፊያ አለ፣ ያልተዋሐደ ማይሎማ አለ፣ የተዋሐደም አለ። የተዋሐደውን ብቻ እንዴት ታተርፋለህ? አሚኖፕተሪን የሚባል መርዝ ያለበት ምግብ አቀረቡላቸው። መርዙ ሕዋስ ዲ.ኤን.ኤ. የሚገነባበትን ዋና መንገድ ይዘጋል። የተረፈው አማራጭ መንገድ አንድ ኢንዛይም ይፈልጋል፤ የተመረጠው ማይሎማ ደግሞ ያ ኢንዛይም የሌለው ነው። ስለዚህ ማይሎማው ብቻውን ከሆነ ይሞታል። የጣፊያው ሕዋስ ኢንዛይሙ ቢኖረውም በብልቃጥ ውስጥ ዕድሜ የለውም፤ ጥቂት ሰንብቶ ይሞታል። ኢንዛይሙን ከጣፊያው፣ ዕድሜውን ከማይሎማው የወረሰው የተዋሐደው ሕዋስ ብቻ ይተርፋል። ተመራማሪው አንድም ሕዋስ በእጁ ሳይለቅም ምርጫው በራሱ ጊዜ ያልቃል።

የበግ ደም የተመረጠውም ለማየት ስለሚቀል ነው። ኒልስ የርኔ በፈጠረው ዘዴ የበግ ቀይ ሕዋሳት በስስ ጄል ላይ ይዘረጋሉ፤ ፀረ በግ አንቲቦዲ የሚያመነጭ ሕዋስ ካለ በዙሪያው ያሉት ቀይ ሕዋሳት ይፈነዳሉ፤ በቀዩ ሜዳ ላይ የጠራ ክብ ይታያል። ኮለር በኋላ እንደተናገረው፣ ሳህኖቹን ለማየት አመሻሹ ላይ መስኮት ወደሌለው ምድር ቤት የወረደው ከባለቤቱ ጋር ነበር፤ ሳይሳካ ቢቀር እንድታጽናናው። ክቦቹ እዚያው ነበሩ። የጽሑፉ የመጨረሻ ሥዕል እነዚህኑ ክቦች ያሳያል። እኔ በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ካየኋቸው ሥዕሎች ሁሉ ይህን የሚያህል ግልጽ ማስረጃ ጥቂት ነው፤ የጎንዮሽ ማብራሪያውን ያላነበበ ሰው እንኳ አንድ ነገር እንደተከሰተ ያያል።

ከዚያ ውጭ ግን ጽሑፉ ለአንባቢ አይራራም። ሚልስታይን ከጊዜ በኋላ እንደገለጸው የመጽሔቱ አዘጋጆች ነገሩ ሰፊ አንባቢን የሚስብ አልመሰላቸውም፤ በሙሉ መጣጥፍነት ከማተም ይልቅ እንዲያጥር ጠየቁ። ጉዳቱ ይታያል። ሁለት ማይሎማዎችን የማዋሐዱ ሙከራ፣ ጣፊያና ማይሎማ የማዋሐዱ ሙከራ፣ የሕዋሳቱ ስሞችና የፕሮቲን ሰንሰለቶቹ ዓይነት እየተነባበሩ ይመጣሉ። ዋናው ግኝት የትኛው እንደሆነ ለመለየት እንኳ ሁለት ጊዜ ማንበብ ይጠይቃል። ዘዴውን ከጽሑፉ ብቻ ተነሥቶ ለመድገም የፈለገ ሰው ሊቸገር እንደሚችል ግልጽ ነው።

ከአጻጻፉ የሚብሰው ደግሞ የውጤቱ ጎዶሎነት ነው፤ ጸሐፊዎቹም አልደበቁትም። የተዋሐደው ሕዋስ የጣፊያውን አንቲቦዲ ብቻ አያወጣም፤ የማይሎማውንም ሰንሰለቶች አብሮ ይረጫል። ሁለቱ እየተቀያየሩ ስለሚገጣጠሙ ከሚወጣው ፕሮቲን ከፊሉ ቅይጥ ነው። ስለዚህ «አንድ ዓይነት አንቲቦዲ» የሚለው ተስፋ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ገና በከፊል የተፈጸመ ነው። ኮለር ራሱ ከማርክ ሹልማን ጋር በ1978 የራሱን ሰንሰለት የማያወጣ ኤስ.ፒ.2/0 የተባለ ሕዋስ አዘጋጀ። የዚህ ሕዋስ ዝርያ የመጣው ከበግ ደም ሙከራ ውስጥ ከተወለዱት ድብልቅ ሕዋሳት ነው። ዛሬም ለአንጀትና ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጠው ኢንፍሊክሲማብ የሚመረተው በኤስ.ፒ.2/0 ሕዋሳት ነው። አንድ ጽሑፍ የራሱን ጉድለት የሚጠግን ልጅ ከራሱ ማሕፀን ሲያወጣ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ከበግ ደም ውጭ ባሉ ዒላማዎች ላይ ይሠራ እንደሆነ ገና እንደሚታይ ጸሐፊዎቹ በግልጽ ጽፈዋል። ጽሑፉን የሚዘጉትም እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ለሕክምናና ለኢንዱስትሪ ሊጠቅሙ ይችላሉ በሚል አንድ ቁጥብ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ቁጥብነት እወደዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ዓረፍተ ነገሩን አልሰማ ያለ ነበረ። ሚልስታይን ግኝቱ የፓተንት መብት ያስፈልገው እንደሆነ ለሕክምና ምርምር ምክር ቤቱ አስቀድሞ አሳውቆ ነበር። ጉዳዩ የደረሰው ብሔራዊ የምርምር ልማት ኮርፖሬሽን በ1976 የሰጠው መልስ ቅርብ የሆነ ተግባራዊ ጥቅም ማየት አልቻልንም የሚል ሆነ። ጽሑፉ ከታተመ ወዲያ ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር። ሚልስታይን ሕዋሳቱን ለጠየቀው ሁሉ ይልክ ነበር። ፊላደልፊያ በሚገኘው ዊስታር ኢንስቲትዩት የሚሠሩት እነ ሂላሪ ኮፕሮቭስኪ ከእርሱ በተላከላቸው ሕዋስ የሠሯቸውን አንቲቦዲዎች በ1979 እና በ1980 በስማቸው አስመዘገቡ። እንግሊዞች ይህን ታሪክ የሚያወሱት እንደ ብሔራዊ ኪሳራ ነው። እኔ አልስማማም። ዘዴው ባለቤት ሳይኖረው በዓለም ላይ በመሰራጨቱ፣ ጥቂት ገንዘብ ያለው ቤተ ሙከራ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የራሱን አንቲቦዲ ለመሥራት በቃ። ለሽያጭ ቢቀርብ ኖሮ ያ ፍጥነት ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም። ኮለር፣ ሚልስታይንና የርኔ በ1984 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር የሰው ሰውነት የአይጥ ፕሮቲን ሲገባበት ምን እንደሚያደርግ ነው። በአሜሪካ ለሰው እንዲሰጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መድኃኒት ኦ.ኬ.ቲ.3 ነው፤ በ1986፣ ሰውነት የተተከለ ኩላሊትን መግፋት ሲጀምር ለማከም። መድኃኒቱ የአይጥ አንቲቦዲ ስለነበር የሕመምተኛው ሰውነት በበኩሉ በመድኃኒቱ ላይ አንቲቦዲ ያወጣበት ነበር። መፍትሔው የመጣው ከዚያ ፈቃድ ቀደም ብሎ በ1984፣ ከአይጡ ዒላማ የሚይዘውን ጫፍ፣ ከሰው ግንዱን ወስዶ በማጋጠም ነው። በ1986 ግሬግ ዊንተር ዒላማውን የሚነኩትን ጥቂት ቀለበቶች ብቻ ከአይጥ ወስዶ የቀረውን ሁሉ የሰው አደረገው፤ ያውም እዚያው ሚልስታይን በሚሠራበት ቤተ ሙከራ። ከዚያም አይጥን ጨርሶ ትቶ፣ የሰው አንቲቦዲ ጂኖችን ባክቴሪያን በሚያጠቁ ቫይረሶች ላይ እያስቀመጡ ተስማሚውን መምረጥ መጣ። በዚህ መንገድ የተገኘው አዳሊሙማብ በ2002 ተፈቀደ። ዊንተርም በ2018 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ሆነ።

ዛሬ ታዲያ መድኃኒቱ እንዴት ይመረታል? የተመረጠው አንቲቦዲ ጂን ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከቻይና ሃምስተር እንቁላል ማፍሪያ በተገኘ፣ ከ1957 ጀምሮ በብልቃጥ እየተራባ ባለ የሕዋስ ዘር ውስጥ ነው። ባክቴሪያ ርካሽ ቢሆንም አንቲቦዲው ላይ ተገቢውን ስኳር መለጠፍ አይችልም፤ ያ ስኳር ከሌለ ደግሞ አንቲቦዲው የሰውነትን ነፍሰ ገዳይ ሕዋሳት በሚገባ አይጠራም። ከብዙ ሺህ ሕዋሳት አንዷ ምርጥ ተለይታ ትባዛና በፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ትቀመጣለች። ምርት ሲፈለግ አንድ ብልቃጥ ይቀልጣል፤ ከጠርሙስ ወደ ትልቅ ጠርሙስ፣ ከዚያም እስከ አሥር ሺህ ሊትርና ከዚያ በላይ ወደሚይዝ የብረት ታንክ እያደገ ይሄዳል። ሙቀቱ፣ አሲድነቱ፣ ኦክስጅኑ፣ ስኳሩ ለሁለት ሳምንት ያህል ሌት ተቀን ይጠበቃል። ከዚያ ሕዋሳቱ ተጣርተው ፈሳሹ ብቻ ይቀራል። ፈሳሹ ፕሮቲን ኤ በተለጠፈበት አምድ ውስጥ ያልፋል። ፕሮቲን ኤ ስታፊሎኮከስ ከሚባለው ባክቴሪያ የተገኘ ሲሆን የአንቲቦዲን ግንድ አጥብቆ ይይዛል። ቆሻሻው ታጥቦ ሲሄድ አንቲቦዲው እዚያው ይቀራል፤ በአሲድ ሲታጠብ ይለቃል፤ አሲዱ በዚያው አንዳንድ ቫይረሶችን ያመክናል። ሌሎች አምዶችና ቫይረስ የማያሳልፍ ማጣሪያ ይከተላሉ። መጨረሻ ላይ በትንሽ ጠርሙስ የሚገባው ፈሳሽ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። በውጭ ያለ ዘመድ እንደ ኪኒን በሻንጣ ይዞት ሊመጣ የማይችለውም ለዚህ ነው።

ወደ ዒላማው ጥያቄ ልመለስ። ትክክለኛ ዒላማ ሲገኝ ውጤቱ ይታያል። ከአምስት የጡት ካንሰሮች በአንዱ ገደማ ኸር2 የተባለው ፕሮቲን ከልክ በላይ ይበዛል፤ በ1998 የተፈቀደው ትራስቱዙማብ እርሱን ይይዛል። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተፈቀደው ሪቱክሲማብ ደግሞ በቢ ሕዋሳት ላይ ያለውን ሲዲ20 ይዞ ሊምፎማን ይዋጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም በ2015 አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ዒላማው ሲሳሳት ግን አንቲቦዲው ንጹሕ መሆኑ አያድንም። በማርች 2006 ለንደን ውስጥ ቲ.ጂ.ኤን.1412 የተባለ አንቲቦዲ የተሰጣቸው ስድስት ጤነኛ ፈቃደኞች በሰዓታት ውስጥ ብዙ የሰውነት ክፍሎቻቸው መሥራት እስኪያቆሙ ታመሙ። ስድስቱም በሕይወት ተርፈዋል። አንቲቦዲው ያነጣጠረበትን በትክክል ነበር የያዘው፤ የያዘው ነገር ግን መላውን የመከላከያ ሠራዊት በአንድ ጊዜ የሚቀሰቅስ ቁልፍ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ዋጋው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያለ ፓተንት የወጣው ዘዴ ያፈራቸው መድኃኒቶች ከዚያ በኋላ በፓተንት ላይ ፓተንት ተደርድሮባቸዋል። በ2002 የተፈቀደው አዳሊሙማብ በአሜሪካ ገበያ ተመሳሳይ ርካሽ ምርት ተወዳዳሪ የገጠመው በ2023 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የትራስቱዙማብን ተመሳሳይ ምርት ለመጀመሪያ ጊዜ ያጸደቀው በ2019 ነው፤ መድኃኒቱ ከወጣ 21 ዓመት በኋላ። በዚህ መካከል መድኃኒቱ እያለ መግዛት ያልቻሉ ሴቶች በድሃ አገሮች ሁሉ ሞተዋል። ይህ የኮለርና የሚልስታይን ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ስለ ጽሑፉ ታላቅነት የሚጽፍ ሁሉ ከዚህ ጋር አያይዞ መጻፍ አለበት።

በእኛ አገር የዚህ ጽሑፍ ፍሬ በሰፊው የደረሰው በመርፌ አይደለም፤ በምርመራ ነው። በደም ባንክና በሆስፒታል ላቦራቶሪ የደም ዓይነት ሲለይ ሰማያዊው ጠብታ ፀረ ኤ፣ ቢጫው ፀረ ቢ ነው። ቀድሞ ይህ ሴረም ከሰው ደም ይሰበሰብ ነበር። ሚልስታይንና ባልደረቦቹ በ1980 ፀረ ኤ የተባለውን በሕዋስ ማዋሐዱ ዘዴ ሠርተው ለደም ምርመራ እንደሚበቃ አሳይተዋል። የወባው አር.ዲ.ቲም እንዲሁ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከታማሚው ጣት ያወጣችውን ደም በካሴቱ ላይ ጠብ ስታደርግ፣ ደሙ በወረቀቱ ላይ እየሳበ ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣት የተለጠፈባቸውን አንቲቦዲዎች ይዞ ይሄዳል። የመስመሩ ቅላት ከዚያ ወርቅ የሚመጣ ነው። አንቲቦዲዎቹ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የሚረጨውን ኤች.አር.ፒ.2 የተባለ ፕሮቲን ካገኙ መስመሩ ይወጣል፤ ካላገኙ አይወጣም። ማይክሮስኮፕም መብራትም በሌለበት ቀበሌ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የአንድ ዒላማ ጣጣ በገዛ ደጃችን የመጣው። በአገራችን በኩል ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰኑ አካባቢዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ውጤቱ በ2021 ወጣ። ኤች.አር.ፒ.2ን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው የወባ ተሕዋስያን እየተስፋፉ ነው። ይህን ፕሮቲን ብቻ የሚፈልጉ ምርመራዎች በአካባቢው ካለው የፋልሲፓረም ወባ 9.7 በመቶውን ሊስቱ እንደሚችሉ ተገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራው እንዲለወጥ የሚመክረው ደግሞ የሚስተው ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ታማሚው ትኩሳት ይዞት ይመጣል፣ ካሴቱ ወባ የለም ይላል፣ መድኃኒት ሳይሰጠው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጂኑ ያልጠፋበት ተሕዋስ ተገኝቶ ይታከማል፤ የጠፋበት ሳይነካ በትንኝ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ምርመራው ራሱ የሚያመልጠውን ዘር እየመረጠ ያበዛዋል።

በኮቪድም የታየው ይኸው ነበር፤ በአንድ አንቲቦዲ ብቻ የተሠራው ባምላኒቪማብ በአዲሶቹ የቫይረሱ ዝርያዎች ምክንያት የአሜሪካ ፈቃዱ በኤፕሪል 2021 ተነሣ። በአንጻሩ ለኢቦላ በ2020 ከተፈቀዱት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ሦስት አንቲቦዲዎችን አንድ ላይ ይዟል። ለወባው ምርመራ የተያዘው መንገድ ደግሞ ፒ.ኤል.ዲ.ኤች. የተባለውን ኢንዛይም መፈለግ ነው። ተሕዋሱ ስኳር እያቃጠለ የሚኖረው በዚህ ኢንዛይም ስለሆነ እንደ ኤች.አር.ፒ.2 አሽቀንጥሮት ሊኖር አይችልም። ችግሩ ኢንዛይሙ በደም ውስጥ የሚገኘው በአነስተኛ መጠን በመሆኑ ተሕዋሱ ጥቂት ሲሆን መስመሩ ይደበዝዛል ወይም አይወጣም። የተሻለ የሚይዝ አንቲቦዲ ያስፈልጋል፤ እርሱን የሚፈልግ ሰው ሥራውን የሚጀምረው አሁንም አይጥን በመከተብና ጣፊያዋን በማውጣት ሊሆን ይችላል።